እንጦጦ ላይ የቆመ ደመና

እትዬ ብዙነሽ ማረፋቸውን የሰማሁት ረፋድ ላይ፣ ሱቄ ውስጥ ቆሜ ለአንዲት ደንበኛ ሳሙና እያቀበልኩ ሳለ ነው። የደወለችልኝ የወንድማቸው ልጅ ሄለን ናት። «ከድር፣ አክስቴ አረፈች» አለችኝ። ከጀርባዋ የሆስፒታሉ ኮሪደር ጫጫታ ይሰማኛል። «መጣሁ» አልኳት። ሳሙናውን ለሴትየዋ ሰጥቼ ሱቁን ዘጋሁና ወደ ጳውሎስ የሚሄድ ታክሲ ያዝኩ።

ከሰዓት በኋላ የእድራችን ሰዎች ድንኳን ሊተክሉ መጡ። ሰኔ ነው፤ ዝናቡ መግባት ጀምሯል። ድንኳኑ በራቸው ላይ ይሁን ወይስ ከፍ ብሎ ሜዳው ላይ የሚል ክርክር ተነሳ። የእድሩ ዳኛ እጃቸውን አነሱና «ቆይ ቆይ፣ ዛሬ ይዘንብ እንደሆነ መጀመሪያ...» ብለው ወደ እትዬ ብዙነሽ በር ዞሩ። ያን ጊዜ ትዝ አላቸው። አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ቆሙ። የእኛ ሰፈር ሰው ከአሥር ዓመት በላይ ሠርግም ሆነ ለቅሶ ሲኖርበት፣ ጣሪያ ሲያስለውጥ፣ በርበሬ ሲያሰጣ፣ ያንን በር ነበር የሚያንኳኳው።

እትዬ ብዙነሽ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሚቲዎሮሎጂ ታዛቢ ነበሩ። ታዛቢ ማለት ቴሌቪዥን ላይ ቆሞ የነገውን አየር የሚነግረን ሰው አይደለም። ለዚያ ሰውዬ ወሬውን የሚልክለት ነው። ሌሊት ቀን ሳይል በሰዓቱ እየወጣ ሰማዩን የሚያይ፣ ሙቀቱን የሚያነብ፣ የዘነበውን የሚለካ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ የሚጽፍ። በወጣትነታቸው ቆላ አገር፣ በኋላ ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ ሠርተዋል። ጡረታ ወጥተው ጉለሌ ከወንዙ በላይ ያለችው የአባታቸው ቤት ሲገቡም ሥራውን አልተዉትም። ግቢያቸው መሃል አንድ የቆርቆሮ የዝናብ መለኪያ ተክለው በየቀኑ ጠዋት በሦስት ሰዓት እየወጡ ይለኩ ነበር። ማንም አላዘዛቸውም፤ የሚልኩለትም ሰው የለም። ደብተር የሚገዙት ከእኔ ስለነበር እንዲህ እያደር ተቀራረብን።

አባቴ ከስልጤ መጥቶ የከፈታት ሱቅ ናት ያለችኝ፤ ከሱቋ በር ላይ ሆኖ ቀና ያለ ሰው እንጦጦን ከነዛፉ ያያል። እትዬ ብዙነሽ ሲመጡ ሰላምታቸው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። መጀመሪያ ጀርባቸውን ይሰጡኝና ተራራውን ያያሉ። ከዚያ ዞር ብለው «እንደምን አደርክ ከድር» ይላሉ። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ የቀኝ ጉልበታቸው የታመመ ሴት ነበሩ። አላገቡም፣ አልወለዱም። ተራራው ላይ ደመና ሲከብድ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነበራቸው፤ «ታች ማን አለ?» ይላሉ። ታች ማለታቸው ወንዙን ነው። እኔም ሳላስብበት «ልብስ የሚያጥቡ አሉ» ወይም «ማንም የለም» እላቸዋለሁ። ለምን እንደሚጠይቁ ለብዙ ዓመት ገርሞኝም አያውቅም።

አንድ ሚያዝያ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በሕይወቴ ያላየሁት በረዶ ወረደ። የሱቄን የፕላስቲክ ክዳን ወንፊት አደረገው። እኔ ዕቃዬን ከውሃ እያሸሸሁ ስራገም እትዬ ብዙነሽ በነጠላቸው ጫፍ አንድ የእንቁላል አስኳል የሚያህል በረዶ ጠቅልለው ገቡ።

«ምላጭ ስጠኝ፣ ቶሎ፣ ሳይቀልጥ» አሉ።

ሰጠኋቸው። በረዶውን ባንኮኒዬ ላይ አስቀምጠው ለሁለት ሰነጠቁት። ውስጡ እንደ ሽንኩርት ድርብርብ ነው፤ አንዱ ቀለበት ነጭ፣ አንዱ እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለ።

«ቁጠረው።»

«አራት... አምስት ነው እትዬ።»

«አየህ፣ ይሄ ዝም ብሎ አልወደቀም። ላይ ብዙ ተንገላቷል።» ጣታቸውን ባንኮኒው ላይ እያስኬዱ ማስረዳት ጀመሩ። «ጠዋት ፀሐይ መሬቱን ታሞቀዋለች። የሞቀ አየር ይቀላል፣ ይነሳል። በዝናብ ወራት ደግሞ አየሩ ደረቅ አይደለም፤ ከሩቅ ባሕር እርጥበት ተሸክሞ ነው የሚመጣው። እዚህ ሲደርስ እንጦጦ ይቆምበታል። ወደ ላይ ከመውጣት ሌላ መንገድ የለውም። ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ እንፋሎቱ ጠብታ ይሆናል። ደመና የምትለው እሱን ነው።»

«ታዲያ ደመና ሁሉ ለምን እንዲህ አያወርድም?»

«ጥሩ ጠየቅክ» አሉ፤ ዓይናቸው በራ። «እንፋሎት ወደ ጠብታ ሲለወጥ ይዞት የነበረውን ሙቀት ይለቃል። ያ ሙቀት አየሩን እንደገና ወደ ላይ ይገፋዋል። ከሥሩ እርጥብ አየር እስከመጣለት ድረስ ደመናው ራሱን እያሞቀ ያድጋል፤ አውሮፕላን ከሚሄድበትም ይደርሳል። እዚያ ብርዱ አይጣል ነው። ጠብታው በረዶ ይሆናል። ልውደቅ ሲል ከታች የሚነሳው ነፋስ መልሶ ያነሳዋል፣ ሌላ ውሃ ይለብሳል፣ እንደገና ይቀዘቅዛል። በመጨረሻ ነፋሱ መሸከም ሲያቅተው ይለቀዋል።»

«ሱቄ ላይ» አልኩ።

«ሱቅህ ላይ» አሉና ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው ጥቂት ጊዜ ነው፤ አንዱ ያ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆም ብለው ያስተምሩኝ ነበር። ዝናብ ሊመጣ ሲል አቧራ የሚያስነሳው ቀዝቃዛ ነፋስ ከደመናው ሆድ ከዝናቡ ጋር የወረደ አየር መሆኑን፣ መሬት ሲነካ እንደ ፈሰሰ ውሃ ወደ ጎን እንደሚሮጥ ነገሩኝ። መብረቁን አይቼ ድምፁ እስኪመጣ እንድቆጥር፣ ሦስት ከቆጠርኩ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚርቅ አስለመዱኝ። አንድ ቀን ደግሞ እንዲህ አሉኝ፦ «የሚሮጥ ደመና ብዙም አያስፈራኝም። እዚህ ትንሽ፣ እዚያ ትንሽ ጥሎ ያልፋል። የሚያስፈራኝ የቆመው ነው። ላይ ነፋስ የለም፣ የሚወስደው የለም፣ አንድ ቦታ ቆሞ ያለውን ሁሉ እዚያው ያፈስሳል። ከታች ያለው ሰው ደግሞ ፀሐይ እየሞቀ ነው፤ ምንም አያውቅም።»

እውነቱን ለመናገር፣ ሰፈሩ ይጠይቃቸው እንጂ ያከብራቸው ነበር ማለት አልችልም። አንድ ጎረቤታችን ልጁን ሲድር በእሳቸው ምክር ድንኳኑን ከረባዳው ወደ ዳገቱ አዛወረ፤ በዕለቱ ጠብ ሳይል ዋለ። ሰውዬው ለዓመታት «እትዬ፣ ዛሬስ ድንኳን ላንሳ?» እያለ ያላግጥባቸው ነበር። ወጣቶቹ «ትንበያ» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል። እሳቸው ይሰማሉ፤ መልስ አይሰጡም። «ሊዘንብ ይችላል ነው ያልኩት፣ ይዘንባል አላልኩም» የሚሉት ለእኔ ብቻ ነበር፣ ያውም ቀስ ብለው። እኔም ብሆን ከሳቁት መሃል ነበርኩ። ይህን የምለው በኋላ የሆነውን ያለ እሱ መናገር ስለማልችል ነው።

ከሦስት ክረምት በፊት ነው። ሐምሌ። አንድ ሳምንት ሙሉ ሲያካፋ ከርሞ አንድ ሐሙስ ፀሐይ ወጣች። እንዲህ ያለ ቀን ሲገኝ ሰፈሩ በሙሉ ብርድ ልብሱን፣ ጋቢውን፣ ምንጣፉን ይዞ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ገዛኸኝ የሚባል ጎረቤታችን ደግሞ ከወንዙ ዳር ላቫጆ ነበረው፤ በፓምፕ ውሃ እየሳበ ታክሲ ያጥባል። ጭምት፣ ሥራ ወዳድ ሰው ነበር። ሚስቱ ትዕግስት ሽሮ ሜዳ ነጠላ ትሸጣለች። ሁለት ልጆች አሏቸው።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ከአዲሱ ገበያ ያስጫንኩት ዕቃ መጥቶልኝ ከሚኒባሱ ጣሪያ ካርቶን እያወረድኩ ነበር። እትዬ ብዙነሽ እያነከሱ መጡ።

«ከድር፣ ተወውና ና። ወደ ታች እንውረድ።»

«ምን ሆነ እትዬ?»

«እየው» አሉኝ፤ በእጃቸው ሰሜኑን እያሳዩ። አየሁት። እኛ ዘንድ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ እንጦጦ ላይ ግን ጥቁር ደመና ተራራውን ከላይ እስከ ወገቡ ውጦታል። አናቱ ነጭ ሆኖ እንደ አበባ ጎመን ወደ ላይ ወጥቷል። «አልተንቀሳቀሰም። ከቅድም ጀምሮ እያየሁት ነው፣ እዚያው ነው ያለው። ውሃው ወደዚህ ነው የሚመጣው። ቁልቁለቱን ብቻዬን መውረድ አልችልም፤ ብወርድም አይሰሙኝም። አንተን ይሰሙሃል።»

ሰማዩን አየሁ። ካርቶኖቼን አየሁ። ሹፌሩ «ፍጠን እንጂ!» እያለ ይጮህብኛል። የሠርጉ ድንኳን ትዝ አለኝ መሰለኝ።

«እትዬ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ ይጠብቁኝ። ይህን ላራግፍና እንሄዳለን» አልኳቸው።

ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ወዲያው ተነሱ። መንገዱን ተሻግረው ተራራውን አይተው ተመለሱ። «ከድር» አሉ አንዴ። «መጣሁ፣ መጣሁ» አልኩ። የመጨረሻውን ካርቶን አስገብቼ በሩን ስዘጋ ከአሥር ደቂቃም ሳያልፍ አልቀረም።

ክንዴን ይዘው ወረድን። ታች አሥር አሥራ አንድ ሰው ይሆናል። ሴቶቹ ድንጋይ ላይ ብርድ ልብስ ይረግጣሉ፤ አንድ ሰማያዊ ታክሲ በአረፋ ተሸፍኖ ቆሟል፤ ገዛኸኝ የውሃውን ጎማ ይዟል። ወንዙ ከቁርጭምጭሚት አይዘልም።

«ውጡ! ጎርፍ እየመጣ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ከየት? ከፀሐይዋ?» አለች አንዷ፤ ተሳሳቁ።

እትዬ ብዙነሽ አልተከራከሩም። ጫማቸውን ሳያወልቁ ውሃው ውስጥ ገቡ። ከሁሉ ትልቁን ብርድ ልብስ፣ ውሃ የጠጣውን፣ ጫፉን ያዙና በዚያ ጉልበታቸው ወደ ዳር ይጎትቱ ጀመር። ሴቶቹ ደነገጡ። «ኧረ እትዬ! ይተዉት እኛ እንይዘዋለን!» እያሉ ተረባረቡ። አንዱን ሲያወጡላቸው ሌላውን ያዙ። እንዲህ እንዲህ እያሉ በነገር ሳይሆን በይሉኝታ ሁሉንም ከወንዙ አወጧቸው። እኔ ባለ ታክሲውን ለምኜ መኪናውን አስነሳሁት። ገዛኸኝም ወጣ፤ እጁን በሱሪው እየጠረገ አጠገባችን ቆመ።

ያን ጊዜ ጠረኑ መጣ። የረጠበ አፈርና የበሰበሰ ቅጠል ሽታ ነው። ቀጥሎ ወንዙ መልኩን ለወጠ፤ ጥርት ያለው ውሃ ደፈረሰ፣ አረፋና ቅጠል፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ መጣ። ከላይ፣ ከመታጠፊያው ወዲያ፣ ከባድ መኪና ኮረት ሲገለብጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ።

«ፓምፔ!» አለ ገዛኸኝ።

«ተወው!» አሉ እትዬ ብዙነሽ። ሲጮሁ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። «ገዛኸኝ! ተወው ልጄ!»

ሮጠ። ፓምፑ ከድንጋይ ጋር በሽቦ ታስሮ ነበር። ጎንበስ ብሎ ሲፈታ አየሁት። ቀና ብሎ ወደ ላይ ሲያይም አየሁት። ውሃው እንደ ግድግዳ ቆሞ ነው የመጣው፤ ግንድ ይዟል፣ ድንጋይ ይዟል። ከዚያ በኋላ ድንጋዩም፣ ፓምፑም፣ ገዛኸኝም አልነበሩም። ትከሻችን ላይ ፀሐይ ነበረች። አንድ ጠብታ እንኳ አልዘነበብንም።

አስከሬኑ በማግስቱ ከታች ካለው ድልድይ አካባቢ ተገኘ።

በሦስተኛው ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ትዕግስት ከመደቧ ተነስታ እትዬ ብዙነሽ ፊት ቆመች። ድምፅዋ ከልቅሶ ብዛት ተዘግቷል።

«ደመናውን አይተውት ነበር ይላሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው ልጄ።»

«ስንት ሰዓት ነው ያዩት?»

«ሰባት ሰዓት ላይ።»

«ባሌ የሞተው ስምንት ሊሆን ሲል ነው። እስከዚያ ድረስ ምን ይሠሩ ነበር?»

እኔ ከእትዬ ብዙነሽ ሁለት ወንበር አልፌ ነው የተቀመጥኩት። ወደ እኔ ያዩ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። አላዩም።

«እየጻፍኩ ነበር» አሉ። «ይቅር በይኝ።»

ትዕግስት ፊቷን መልሳ ሄደች። ያ ድንኳን የሰማው ይህን ብቻ ነው፤ አይተው ዝም እንዳሉ፣ ሰው ሲሞት ደብተራቸው ላይ ሲጽፉ እንደነበር። ብርድ ልብስ የጎተቱላቸው ሴቶች ሊናገሩላቸው ሞከሩ፤ ነገሩ ግን አንዴ ወጥቷል። እኔ አፌን አልከፈትኩም። ሁለት ወንበር ብቻ ነበር የሚለየን።

ከሳምንት በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ገና ሳልቀመጥ «ለትዕግስት ልነግራት ነው» አልኳቸው።

«ምኑን?»

«ያቆየሁዎት እኔ መሆኔን።»

«አንተ አሥር ደቂቃ ነው ያቆየኸኝ» አሉ። «እኔ ራሴን ግማሽ ሰዓት አቆይቻለሁ። ሰባት ሰዓት ላይ ሳየው አውቄዋለሁ። ግን እንደገና እንዳይስቁብኝ ብዬ ትንሽ ልይ አልኩ። እርግጠኛ እስክሆን ድረስ እያየሁ ጻፍኩ። በስድሳ ስምንት ዓመቴ ሰው ሳቀብኝ ብዬ!»

ከዚያ ለማንም ነግረውት የማያውቁትን ነገሩኝ።

ሃያ አራት ዓመታቸው ነበር። ቆላ አገር ብቻዋን ባለች አንዲት ጣቢያ ይሠራሉ። ከጣቢያዋ በታች ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ የሆነ ሰፊ የአሸዋ ወንዝ አለ፤ የገበያ ቀን ሰው በእሱ ነው የሚያቋርጠው። አንድ የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ወጥተው ሰማዩን ሲያዩ ደጋው ላይ ደመና ቆሟል። መዝገባቸውን ከፈቱ፤ የደመናውን ዓይነት፣ ቁመቱን፣ አቅጣጫውን፣ ሰዓቱን ከነደቂቃው ጻፉ። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች አሸዋው ላይ ሲሄዱ በመስኮት ይታዩአቸው ነበር። አንዲት ሴት ልጅ አዝላለች። ሁለት ነጋዴዎች ግመል ይስባሉ።

«እነሱን እያየሁ ነበር የምጽፈው» አሉኝ። «ወጥቼ መጥራት የሥራዬ አካል መስሎ አልታየኝም። ሥራዬ ማየትና መጻፍ ነው። ጎርፉ ሲመጣ እሱንም ሰዓቱን ጻፍኩ።»

የዝናብ መለኪያቸውን አየት አድርገው ቀጠሉ።

«ከወር በኋላ ተቆጣጣሪ መጣ። መዝገቡን አገላብጦ፣ እንዲህ የጠራ መዝገብ አይቼ አላውቅም፣ አንድ ስህተት የለውም ብሎ አመሰገነኝ። ሰው ፊት አመሰገነኝ ከድር።»

«ታች ማን አለ?» የሚለው ጥያቄ ያን ቀን ገባኝ።

ስነሳ እጄን ያዙኝ። «ለልጅቷ አትንገራት። የሷ ሐዘን አንድ የምትቆጣው ሰው ይበቃዋል። አንተ በየቀኑ ዳቦና ዘይት የምትሸጥላት ሰው ነህ፤ ልጆቿ አንተ ሱቅ ነው የሚላኩት። እኔ ነኝ ያየሁት፣ እኔ ልያዘው።»

ልታዘዛቸው ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ግን ትእዛዝ ስለሆነ ብቻ አልነበረም። ቀለለኝ። እውነቱ ይሄ ነው፣ ቀለለኝ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ክረምቶች እትዬ ብዙነሽ ከእኔ ሱቅ ፊሽካ ገዝተው አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉ። ከቀትር በኋላ ወንዙ አፋፍ ላይ በፕላስቲክ ወንበር ጃንጥላ ይዘው ይቀመጣሉ፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አይነሱም። ደመናው ሲቆም ይነፋሉ። ብዙውን ጊዜ የሚመጣ ነገር አልነበረም። አንድ ቀን አንዲት ወጣት እርጥብ ልብሷን ታቅፋ «እትዬ፣ ይኸው ለምንም አስወጡን!» ብላ ተቆጣች።

«ለምንም ወጣሽ። እሰየው» አሏት። «ነገም ለምንም ትወጫለሽ።»

ካንዴም ሁለቴ ግን መጥቷል። ሰው ወጥቶ ዳር ቆሞ አይቶታል። በዚያ ወንበር ላይ ማላገጥ ቀስ በቀስ ቀረ፤ የላቫጆ ልጆች ራሳቸው ሥራ ሲጀምሩ ቀና ብለው እንጦጦን ማየት ለመዱ። ትዕግስት ብቻ ከሽሮ ሜዳ ስትመለስ በዚያ ታልፋለች፤ አንገቷን ደፍታ፣ ሰላም ሳትል። እትዬ ብዙነሽ ግን ሁልጊዜ ከወንበራቸው ብድግ ብለው እጅ ይነሷት ነበር። እንደማትመልስላቸው እያወቁ።

ዘንድሮ ልባቸው ደከመ። ሆስፒታል ከገቡ በኋላ በየሁለት ቀኑ እጠይቃቸው ነበር። የመጨረሻው ቀን መናገር እያቃታቸው ስለ ሰፈሩ ጠየቁኝ፤ ሁሉም ደህና ነው አልኳቸው። ስለዚያ ነገር አላነሳንም። ላነሳው ፈልጌ ነበር። ሲያሸልባቸው ጊዜ ወጣሁ።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ብርድ ልብስ ያወጡላቸው ሴቶች ሁሉ አሉ። ትዕግስትም መጣች። ሳትመጣ ትቀራለች ብዬ ነበር። የሩቅ ሰው እንደሚቀመጠው መግቢያው አጠገብ ካለው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ትንሽ ቆይታ ነፍስ ይማር ብላ እንደምትወጣ ያስታውቃል። ልትነሳ ስትል ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ትዕግስት፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ያን ቀን እትዬ መጀመሪያ የመጡት እኔ ጋ ነበር። ና እንውረድ አሉኝ። ዕቃ እያራገፍኩ ነበር። አሥር ደቂቃ ይጠብቁኝ ብዬ ያቆየኋቸው እኔ ነኝ።»

ዞር ብላ አየችኝ። ቶሎ የገባት አልመሰለኝም።

«እኔ ስጠይቃቸው ግን...»

«አልነገሩሽም። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ዝም አልኩ።»

ብትጮህብኝ፣ ብትሰድበኝ በወደድኩ። አልጮኸችም። እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀምጣ «አሥር ደቂቃ» አለች። «ያንን ሽቦ ለመፍታት ሦስትም አይፈጅበት ነበር።»

«አዎ።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ ወንበር ፊት አለፍኩ ከድር። ብድግ እያሉ እጅ ይነሱኝ ነበር። አንድ ቀን ቀና ብዬ አላየኋቸውም።»

«ይቅር...»

«አሁን አትጠይቀኝ» አለች። «ለሱ ሌላ ቀን አለ። ዛሬ የሳቸው ነው።»

ተነሳች። ወደ ውጭ ትወጣለች ብዬ እግሬን ሰበሰብኩላት። እሷ ግን እዚያው ቆማ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ የቅርብ ዘመድ እንደሚያደርገው ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቃ ለበሰችው። ሰው ሁሉ እያያት ድንኳኑን በመሃል አቋርጣ ቤተሰቡ ወደተቀመጠበት ምንጣፍ ሄደች። ሄለን አጠገብ ስትደርስ ጎንበስ አለች።

«ጠጋ በይልኝ» አለቻት፤ ሄለንም ጠጋ አለችላት።